የተቆጣው አውራ ጣት

በደሴ ጠዋት ጠዋት ሰው ሲገናኝ «በረድ አደርክ?» ይባባላል። መልሱ «በረድ ነው» ነው። ከቤት ለመውጣት መዳፍን የበሩ እጀታ ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል፤ ከበሩ በላይ ያለው መብራት ሰማያዊ ይበራል፣ ከዚያ በሩ ይከፈታል። ሰማያዊ ማለት የሰውየው ሰውነት የትም ቦታ አልተቆጣም ማለት ነው፤ ጉሮሮው አልከረከረም፣ ድዱ አላበጠም፣ ጉልበቱ አልጋለም። ከአንገቱ አጥንት ሥር የተቀበረችው ምስር የምታህል ነገር ሥራዋን ስትሠራ አድራለች። ሰዉ «አብራጅ» ይላታል። በ2090 ዓ.ም. አብራጅ የሌለው ሰው በከተማው አልነበረም። ሕፃናት እንኳ ስም ሳይወጣላቸው በፊት ትቀበርላቸዋለች።

እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው አድናለች። አስም የሚባለውን ወጣቶች በስም እንጂ በአካል አያውቁትም። «ታመመ» የሚለው ቃል ራሱ ከአፍ እየጠፋ ነበር። ሰው ወይ በረድ ነው፣ ወይ ትኩስ ነው። ትኩስ የሆነ ሰው እስኪበርድ ድረስ ጤና ጣቢያው ባዘጋጀው ቀዝቃዛ ክፍል ብቻውን ይቀመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከምሳ በፊት ይወጣል። ማንም አይጠይቀውም፤ እሱም የሚጠይቀው ሰው አይጠብቅም።

ይመር ሙሄ ከሸዋ በር ተነስቶ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ጦሳ ተራራ አናት ድረስ የሚወጣው የገመድ መኪና ነጂ ነበር። መኪናው በራሱ ይወጣል፣ በራሱ ይወርዳል፤ ነገር ግን ደሴ ላይ ጭጋግ ሲወርድ እጅን ዘርግቶ ማየት ስለማይቻል፣ ተሳፋሪው «መጨረሻው ላይ ሰው ይያዘው» ብሎ አስወስኗል። ስለዚህ መኪናው መድረኩ ጋ ሲቃረብ ይመር መርገጫውን በቀኝ እግሩ ቀስ አድርጎ ይጫናል፤ መኪናው ምንም ሳይነቃነቅ ያርፋል። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ዘለግ ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ሥጋ የሚወድ ሰው ነው። ሥራውንም ይወድ ነበር፤ በተለይ ያቺን የመጨረሻዋን ማሳረፍ።

በኅዳር ወር ውርጭ ባደረበት አንድ ጠዋት መኪናው ሞልቶ ወጣ። ይመር እንደ ልማዱ መርገጫውን ሊጫን ሲል የእግሩ አውራ ጣት አልታጠፍ አለ። ግንድ ሆነ። በተረከዙ ለመጫን ሲሞክር መኪናው መድረኩን አልፎ ከማቆሚያው ጎማ ጋር ተላተመ። የአንዲት ሴት ብርቱካን ወለሉ ላይ ተበተነ፤ ሌላዋ በመዳፏ ወደቀች። የከፋ ጉዳት አልደረሰም።

ኃላፊው አቶ ጌትዬ እየሮጠ መጣ። «ምን ሆነህ ነው ይመር? ትኩስ ነህ እንዴ?»

«በረድ ነኝ። ጠዋት መብራቱን አይቼዋለሁ። እግሬ ነው አልታዘዝ ያለኝ።»

«እስኪ ጫማህን አውልቅ።»

አወለቀ። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት የነጭ ሽንኩርት ራስ አክሏል። ቆዳው ተወጥሮ ሳስቷል፤ ከሥሩ ጠመኔ የመሰለ ነገር ይታያል። ተሳፋሪዎቹ ብርቱካን መልቀሙን ትተው ከበቡት።

«ይሄ መቼ ነው የበቀለብህ?» አለ ጌትዬ።

«እኔ እንጃ። ጫማው የጠበበኝ መስሎኝ ትልቅ ትልቁን ስገዛ ነው የከረምኩት።»

«አይሰማህም?»

ይመር በእጁ ጫን አድርጎ ሞከረው። «ምንም» አለ። እሱን ያስደነገጠው ጣቱ ሳይሆን የሰዎቹ ፊት ነበር።

ጤና ጣቢያ የተቀበለችው ዶክተር ትንግርት ትባላለች፤ ገና ወጣት ናት፤ ስታስብ ከንፈሯን ወደ ጎን ታጣምማለች። የይመር ሚስት ሉባባም አብራ ነበረች። ሉባባ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ግልጽ ያልሆነ መልስ ሲሰጣት ትነጫነጫለች። ዶክተሯ የእግሩን ምስል ግድግዳው ላይ አበራችው። የአውራ ጣቱ አጥንት አይጥ የቀመሰው ዳቦ መስሏል።

«ሪህ ነው፣ ጋሽ ይመር» አለች።

«ሪህ ጠፍቷል አይደለም እንዴ?»

«የጠፋው ሕመሙ ነው።»

ሉባባ ወንበሯን ወደፊት ሳበች። «ልጄ፣ አብራርተሽ ንገሪን።»

ዶክተሯ ከንፈሯን አጣመመች። «ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር በሁላችንም ደም ውስጥ ሟሙቶ ይዞራል። ሲበዛና ሲቀዘቅዝ እንደ ጨው ይረጋል፤ መርፌ የመሰለ ጠጠር ይሆናል። የእግር ጣት ቀዝቃዛ ስለሆነ እዚያ መርጋት ይወዳል። ድሮ ምን ይሆን ነበር? አንዱ የሰውነታችን ጠባቂ ሴል ጠጠሩን ይውጠዋል። ሊፈጨው ግን አይችልም፤ ኡኡ ይላል። ጩኸቱን የሰሙት ነጭ የደም ሴሎች ይጎርፋሉ። ጣቱ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይግላል። መቆጣት የሚባለው እሱ ነው።»

«አብራጇስ?» አለ ይመር።

«አብራጅ የጯሂውን አፍ ታፍናለች። ግን ፈጽማ አትዘጋውም። ሹክሹክታውን የሰሙ ጥቂቶች ይመጣሉ፤ ሥራው ሳያልቅ ይሞታሉ፤ ሌሎች ጥቂቶች ይተካሉ። እንዲህ ሳይነድ እየጨሰ አጥንትዎን ዓመታት በላው። እርስዎ ግን በየጠዋቱ ሰማያዊ ነበሩ።»

«ቢቆጣ ኖሮ ግን ይብስ ነበር» አለች ሉባባ።

«ቢቆጣ ኖሮ ራሱ ይበርድ ነበር። እኔን የሚገርመኝ እሱ ነው። ብዙ ሆነው የመጡት ሴሎች ሲሞቱ ከሆዳቸው ክር ይወጣል። ክሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ድር ይሆናል። ድሩ ጠጠሩን ይጠቀልለዋል፤ ደግሞም ጩኸቱን ይበላዋል። ሌሎቹ መምጣታቸውን ያቆማሉ። የሚያበርደው ከቁጣው ውስጥ ነው የሚወጣው። ግን ብዙ መሆን አለባቸው። በጥቂቶች ድር አይደራም።»

ይመር ምስሉን አየ። ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። እግር መለወጥ በዚያ ዘመን ከጥርስ ማስነቀል የሚበልጥ ነገር አልነበረም፤ በዕድሜው ካሉት አብዛኞቹ አንድ ነገር ለውጠዋል። ሉባባ ራሷ የግራ ጉልበቷ የተለወጠ ነው። በደንብ ይሠራል። እሷ ግን ስትቀመጥ ያን እግሯን እንደ ሰው ዕቃ በሁለት እጇ አንስታ ታስቀምጠዋለች።

«ልትቆርጡት ነው?» አለ።

«ካሉ ይቻላል። ግን ነገ እጅዎ ይከተላል። ኩላሊትዎም ላይ ጀምሯል። ኩላሊት ደግሞ እንደ እግር አይደለም፤ እየለወጡ አይዘለቅም።» ምስሉን አጠፋችው። «ሌላ መንገድ አለ። ጠመኔውን የሚያሟሟ መድኃኒት ከጥንት ጀምሮ አለን። ችግሩ፣ ጠመኔው መናድ ሲጀምር መገጣጠሚያው ይነካካና ይቀሰቀሳል። አብራጅ እያለች ከሆነ ያ ጭሱ ብሶበት የቀረውን አጥንት ይጨርሰዋል። አብራጅን ከፍተን፣ ማፈኗን አስትተናት አንድ ጊዜ በደንብ እንዲቆጣ ብንተወው ግን…»

«ስንት ሰው ላይ ሠርተሽዋል?» አለ ይመር።

«ማንም ላይ።»

«ሲቆጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«በሥዕል።»

ይመር ሳይፈልግ ሳቀ። አለመዋሸቷ ደስ አሰኘው። ሉባባን አያት፤ ሉባባ ጉልበቷን እያሻሸች ነበር።

«ይቅርብህ አልልህም» አለች። «ግን ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ብቻህን አትተኛም። ቤትህ ነው የምትተኛው።»

ትኩስ ሰውን ቤት ማስተኛት ክልክል ነበር። ፈቃድ የሚሰጠው የከተማው የሙቀት ጉባኤ ነው፤ ጉባኤው ብዙ ካንገራገረ በኋላ፣ ውጤቱ በአካል ቀርቦ እንዲነገረው በሚል ግዴታ ለአንድ ጊዜ ብቻ ፈቀደ። ዶክተር ትንግርት ሆጤ ካለው ቤታቸው ድረስ መጥታ በአንድ ቀጭን ብረት የይመርን አንገት ሥር ነካ አድርጋ አብራጅን ከፈተች። ምንም አልተሰማውም። ለሉባባ አዝራር ያላት ትንሽ ነገር ሰጠቻት።

«ይቺ መዝጊያዋ ናት፤ ከተጫንሻት አብራጅ መልሳ ማፈን ትጀምራለች። ዝጊው ካለሽ ዝጊው፤ የሱ ገላ ነው። ግን አንዴ ከተዘጋ ሌላ ዕድል አጥንቱ አይሰጠንም።»

ይመር መድኃኒቱን መዋጥ ጀመረ። አብራጅ ስለተከፈተች የበሩ መብራት ጣቱ ገና ሳይቆጣ ከሰማያዊ ወደ ፍም ቀለም ተለወጠ። የሕንፃው ሰው ያየው ጊዜ በዚያ በኩል ማለፍ ተወ፤ ልጆች በሌላው ደረጃ እንዲወርዱ ታዘዙ። በሽታው እንደማይተላለፍ ሁሉም ያውቃል። የፈሩት ማየቱን ነው። ጌትዬ እንኳ ድምፁን ብቻ ልኮ «በርታ» አለ፤ ምን ማለት እንዳለበት ግራ እንደገባው ያስታውቅ ነበር።

ጥቂት ቀናት ምንም ሳይሆን አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን ይመር ከምሳ በኋላ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ሳለ ጣቱን በላው። ቀጥሎ ሞቅ አለው፤ መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ደስ የሚል ሙቀት ነበር። «ሉባባ፣ መጣ መሰለኝ» ብሎ ፈገግ አለ። እሷም ፈገግ አለች። ሁለቱም አያውቁትም ነበር።

ፀሐይ ከጦሳ ኋላ ሳትገባ በፊት ፈገግታው ጠፋ። ጣቱ ቀላ፤ ከዚያ እንደ ደረሰ እንጆሪ ጠቆረ፤ ቆዳው አብለጨለጨ። ይመር ልጅ ሳለ ጥርሱን አሞት ያውቃል፤ ከዚያ ወዲህ ሕመም የሚባል አልደረሰበትም። ይሄ ግን ከጥርስ ጋር አይገናኝም። አንድ ሰው ጣቱ ውስጥ ገብቶ፣ ጉጠት ይዞ፣ አጥንቱን ከሥጋው የሚለያይ መሰለው። ሉባባ እንዳይበርደው ብላ ነጠላ ጣል ስታደርግበት ድንጋይ የወደቀበት ያህል ጮኸ። ነጠላውን አነሳችው። ወለሉ ላይ ስትራመድ እርምጃዋ በአልጋው እግር በኩል አልፎ ጣቱ ላይ ይደርሳል።

«አትራመጂ!» አላት።

ባለችበት ቆመች። በትዳራቸው እንዲህ ጮሆባት አያውቅም። እንባዋ መጣ።

«ዝጊው» አለ ይመር። «ሉባባ፣ ወላሂ አልችልም፤ ዝጊው። እግሬንም ቁረጡት፤ ምን ያደርግልኛል!»

አዝራሯን ከኪሷ አወጣች። የዚያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ።

የመጡት አባባ አራጋው ነበሩ፤ ከታችኛው ፎቅ። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው፣ በወጣትነታቸው የእግር ኳስ ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ደረጃውን ለመውጣት ብዙ ስለደከሙ ግድግዳውን ተደግፈው እስኪተነፍሱ ድረስ ቆዩ።

«የታመመ ሰው አለ?» አሉ።

ሉባባ ቃሉን ከሰማችው ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር። «አዎ» አለች። «ይመር… ታሟል።»

«ታዲያ ለምን አትነግሩንም? ስለ መብራቱ ከልጅ ልጄ ሰማሁ።» ገቡ። ወንበሩን ሳይጎትቱ አንስተው አልጋው አጠገብ አስቀመጡና ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጣቱን አዩ፤ አልደነገጡም። «እግዜር ይማርህ» አሉ።

ይመር ጥርሱን ነክሶ አያቸው። «ምን አሉኝ?»

«እግዜር ይማርህ። 'አሜን' ነው መልሱ። ጎረምሳ ሳለህ ቀርቷል መሰለኝ።»

«አሜን» አለ ይመር። ወዲያው ሌላ ጦር መጣበትና ወገቡን ቀስት አድርጎ ጮኸ። ሽማግሌው እጁን ያዙት፤ አልለቀቁትም። ሲያልፍለት ማውራት ጀመሩ።

«አንድ ግብ ጠባቂ ነበር፣ ግርማው የሚባል። በሬ የሚያህል ሰው። ይሄ ነገር ሲነሳበት በዚህ ሰፈር ጩኸቱ ይሰማ ነበር፤ እናቱን ይጠራል። እኛም እንሄዳለን፣ እንቀመጣለን። ምንም አናደርግለትም፤ ዝም ብለን ነው የምንቀመጠው። ከዚያ ይሄዳል። በሌላው ወር ጨዋታ ላይ አያለሁ፣ በዚያው እግሩ ቆሞ ኳስ ይለጋል።»

«ሳይታከም?»

«ምን ሕክምና ነበር! ትንሽ ኪኒን። በራሱ ነው የሚሄደው። ሲመጣ ግን የማይሄድ ይመስላል፤ ክፋቱ እሱ ነው።»

ዶክተር ትንግርት ይህንኑ ነግራው ነበር። ከእሷ ሲሰማው ትምህርት ነበር። ግርማውን በዓይናቸው ካዩ ሰው ሲሰማው ሌላ ሆነበት።

ሉባባ አዝራሯን አሁንም እንደጨበጠች ነው። «ዝጊው ብለኸኛል» አለች። «ልዝጋው?»

ይመር ሕመሙ ሲመጣ ይሰማዋል፤ ከጣቱ ሥር ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣ ነገር። የሽማግሌውን ቀጭን እጅ ጨመቀ።

«ይሄኛው ይለፍ» አለ። «ከዚያ እነግርሻለሁ።»

አለፈ። ደግማ ጠየቀችው። «ቀጣዩ ይለፍ» አላት። ሦስተኛ ስትጠይቀው አትዝጊው በሚል ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ትታ አዝራሯን ጠረጴዛው ላይ፣ እጁ በማይደርስበት ቦታ አኖረቻት።

በማግስቱ አባባ አራጋው ብቻቸውን አልመጡም። ደረጃ ደረጃውን እየቆሙ በየበሩ «ሰው ታሞ እንዲህ ይኮናል?» ሲሉ የሰማ ሁሉ አፍሮ ወጣ። የመጡት ሰዎች እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ አያውቁም። አንዷ ጎረቤት በሩ ላይ ቆማ መግባትም መመለስም ተሳናት። አንድ ወጣት መሐንዲስ ባዶ እጁን መምጣት ከብዶት ጃንጥላ ይዞ መጣ፤ ለምን ጃንጥላ እንደሆነ ሲጠየቅ ራሱም አላወቀውም። ጌትዬ መጣና እንደ ስብሰባ ሰላምታ ሰጥቶ ተቀመጠ። አባባ አራጋው በአገጫቸው ምልክት ሰጡት።

«እግዜር… ይማርህ» አለ ጌትዬ፤ አነጋገሩ ባዕድ ቋንቋ እንደሚሞክር ሰው ነበር።

«አሜን» አለ ይመር። ቀጠለና «አልጋውን ካልነካኸው ደግሞ የበለጠ ይምረኛል» አለው። ጌትዬ ክንዱን ከአልጋው ጫፍ በድንጋጤ ሲያነሳ ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ይመርም ሳቀ፤ ሳቁ ጣቱ ላይ ደረሰና አቃሰተ።

ዶክተር ትንግርት በየቀኑ ትመጣ ነበር። የመጀመሪያ ቀን የእጇን ጀርባ ጣቱ አጠገብ አስጠግታ «ይግላል!» ስትል ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ነበር፤ ይመር ተቆጣት። «አንቺ ልጅ፣ ሠርግ ላይ ያለሽ መሰለሽ?» ይቅርታ ጠየቀችው። በኋላ ግን ደስታዋ ወደ ሥጋት ተለወጠ። ሙቀቱ አልወርድ ብሎ፣ ትኩሳቱ ወደ ገላው ሁሉ ሲዛመት፣ ደብተርና ሥዕል ያላስተማሯትን ነገር ፊት ለፊት አየች። ጓዳ ገብታ ከሉባባ ጋር ስትንሾካሾክ ይመር ሰማት። «ዛሬ ካልበረደ ልዝጋው ነው። ልቡን አልፈትንም።»

ያን ቀን ሲመሽ ማንም ምንም አልበላም። ይመር ደክሞት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሉባባ በእግሩ በኩል ተቀምጣ ሳለ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ እግሩ ላይ ወደቀ። ደንግጣ ልታነሳው እጇን ሰደደች።

«ተይው» አለ ይመር።

«ምን?»

«ተይው። ብርድ ብርድ ብሎኛል።»

ሉባባ ነጠላውን አየችው። አውራ ጣቱ ላይ ተኝቷል። እሱ አልጮኸም። ከዚያ ዶክተሯን ጠራቻት፤ አጠራሯ ምን ዓይነት እንደነበረ በኋላ ስትናገር «ልጅ ተወለደ ብዬ የምጠራ ነበር የመሰልኩት» ትላለች።

ዶክተር ትንግርት በቀጭን መርፌ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ወሰደችና ግድግዳው ላይ አበራችው። ሁሉም አዩት። ከሞቱት ሴሎች የወጣ ነጭ ክር በየአቅጣጫው ተዘርግቶ፣ ተጠላልፎ፣ መርፌ መርፌ የሚመስሉትን ጠጠሮች በእቅፉ ጠቅልሏቸዋል። አዲስ የሚመጣ ሴል አልነበረም። አብራጅ እንደተከፈተች፣ ምንም ሳታፍን ነው፤ አዝራሯን የነካ የለም። ዶክተሯ ወደ ምስሉ ተጠጋች፤ ይህን ያየች የዘመኗ ሐኪም እሷ የመጀመሪያዋ ነበረች።

«ድር ቢያብር ማለት ይሄ ነው ለካ» አሉ አባባ አራጋው።

ከዚያ በኋላ የነበረው ቀላል ነበር፤ ከማሳከኩ በቀር። እብጠቱ ሲሟሽሽ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገፈፈ። ይመር እያከከ ይስቅ ነበር። መድኃኒቱ ወራት ወሰደ። ጠመኔው ቀስ እያለ እየሟሟ ወጣ፤ መሃል ላይ ሁለተኛ ቁጣ መጣ፣ ከፊተኛው ግን በጣም ያንስ ነበር፣ ጎረቤትም ሳይጠራ መጣ። የተበላው አጥንት እንደ ድሮው አልሆነም፤ ጣቱ ግን መታጠፍ ጀመረ። በበልግ ይመር የገመድ መኪናውን ጭጋግ ውስጥ መድረኩ ላይ ሲያሳርፍ የመርገጫውን ቅዝቃዜ በጫማው ሶል አልፎ ሲሰማው ደስ አለው።

ጉባኤው የጠራቸው ያኔ ነው።

አዳራሹ ሰፊና ቀዝቃዛ ነበር። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ቤዛዊት ይባላሉ፤ በከተማው በጥብቅነታቸው የታወቁ፣ ነጭ ፀጉራቸውን አሳጥረው የተቆረጡ ሴት ናቸው። ይመር፣ ሉባባና ዶክተር ትንግርት ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። አባባ አራጋውና የሕንፃው ሰዎች ሳይጠሩ መጥተው ከኋላ ተደርድረዋል።

ዶክተሯ ያየችውን ሁሉ ተናገረች። ከአባላቱ አንዱ ጣልቃ ገባ። «ሕዝቡን ስንት ዘመን ከለፋንበት ዕረፍት አውጥተሽ ወደ ስቃይ ልትመልሺው ነው?»

«አይደለም። አብራጅን ጣሉ አላልኩም። ብዙዎቻችን ያለ እሷ አንኖርም። እኔ የምለው፣ ጩኸቱን ስታፍን ማን እንደጮኸ ትጠይቅ ነው። መጨረስ የሚችለውን ቁጣ ትተወው፤ የማይችለውን ታብርደው። ልናስተምራት እንችላለን።»

«የተሳካው በአንድ ሰው ነው» አለ ሌላው።

«አዎ» አለች። «በአንድ ሰው። ሊሞትብኝም ይችል ነበር።»

ወይዘሮ ቤዛዊት ይመርን አዩት። «እርስዎ ይናገሩ። ድጋሚ ያድርጉት ቢባሉ ያደርጉታል?»

ይመር ቆመ። ብዙ ሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም። «እመቤቴ፣ አልፈልግም» አለ። ዶክተር ትንግርት አቀረቀረች። «ክፉ ነው። ለጠላቴም አልመኘው። ግን እውነቱን ንገረን ካላችሁኝ፣ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ገና ሲጀምረኝ እዘጋው ነበር፤ ዛሬም ፊታችሁ የቆምኩት በብረት እግር ነበር። እኔ ጀግና ሆኜ አይደለም የቻልኩት። እጄን የያዘኝ ሰው ነበር። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀመጣል። ስለዚህ ጥያቄያችሁ ይቻላል ወይ ከሆነ፣ ሰው ካለ ይቻላል።»

ተቀመጠ። አባላቱ ሰብሳቢዋ ቀጣዩን ተናጋሪ እስኪጠሩ ጠበቁ። እሳቸው ግን ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ፤ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ከአንድ ነገር ጋር ሲታገሉ ቆዩ። ከዚያ ተነስተው፣ አንድ እግራቸውን ብቻ ተጫምተው ከጠረጴዛው ፊት ወጥተው ቆሙ። አውራ ጣታቸው አብጦ ነጥቷል፤ ከአጠገቡ ያለውም ጀምሮታል።

«ባለፈው ክረምት ነው ያየሁት» አሉ። ድምፃቸው እንደ ሰብሳቢ አልነበረም። «ሁልጊዜ ሰማያዊ ነኝ። ለማንም አልነገርኩም። እንዲቆረጥልኝ ቀጠሮ ይዣለሁ።» ዶክተር ትንግርትን አዩ። «ልጄ፣ ይሄስ ይመለሳል?»

ዶክተሯ ተንበርክካ ጣቱን በጥንቃቄ ዳሰሰችው። «አጥንቱን ማየት አለብኝ» አለች። «ቃል አልገባም። ግን ከጋሽ ይመር የባሰ አይደለም።»

ወይዘሮ ቤዛዊት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ችግሩ፣ እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው። ማን ይቀመጥልኛል?»

ይመርና ሉባባ እኩል ተነሱ። ከኋላ ወንበሮች ሲንቀሳቀሱ ተሰማ፤ የጃንጥላው መሐንዲስ ቆሟል፣ በር ላይ መግባት ተስኗት የነበረችው ጎረቤት ቆማለች፣ ጌትዬም ቆሟል። አባባ አራጋው ብቻ እንደተቀመጡ ከዘራቸውን አነሱ።

«ቤትዎ ስንተኛ ፎቅ ነው?» አሉ። «ከፍ ያለ ከሆነ ደረጃውን ካሁኑ ልጀምረው።»